ዓይነ ስውሩ ሊቅ ዲዲሞስ ዘእስክንድርያ

በወልድያና በመርሳ ከተሞችም ሆነ በሀብሩ ገጠር ባሉ አጥቢያዎች፣ በክብረ በዓል ቀን ዓይነ ስውራን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን አስቀድመን የምናገኛቸው በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ነው። መጽውተን እናልፋለን። እኛ ለማኅሌት ስንቆም እነርሱ በዚያው ይቀራሉ፤ ዜማው ለእነርሱም እንደ ተሰጠ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአንድ ዓይነ ስውር ሊቅ ሕይወት እናነሣለን።

ዲዲሞስ በእስክንድርያ የተወለደው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ313 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በአራት ዓመቱ፣ ገና ፊደል ሳይቆጥር፣ የዓይኑን ብርሃን አጣ። ፊደላቱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተቀርጸውለት በጣቱ እየዳሰሰ ለያቸው፤ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር አለፈ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት የብሬይል ጽሕፈት የተገኘው ከዚያ ዐሥራ አምስት መቶ ዓመታት ያህል ቆይቶ ነው።

መጻሕፍቱን ሌሎች ያነቡለት ነበር። አንባቢው ደክሞት ሲያንቀላፋ እርሱ አይተኛም፤ የሰማውን በልቡ እያመላለሰ ያድራል። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ይህን ሲሰማ የራሱን ሌሊት ሳያስታውስ አይቀርም። ዲዲሞስ በዚህ መንገድ ብሉያትንና ሐዲሳትን ብቻ ሳይሆን ሰዋስውን፣ ፍልስፍናን፣ ሒሳብን፣ የዜማን ጥበብና በሥዕል ካልሆነ አይገባም የሚባለውን ጂኦሜትሪን ጭምር ጠንቅቆ ዐወቀ።

ቅዱስ አትናቴዎስም የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር አድርጎ ሾመው። ሹመቱ የርኅራኄ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ከአርዮሳውያን ጋር በምትጋደልበት ዘመን የሚያስተምር ሊቅ ያስፈልጋት ነበርና ብቃቱን አይታ ሾመችው። ሄሮኒሞስና ሩፊኖስ ከእርሱ ተምረዋል፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈውንም መጽሐፍ ሄሮኒሞስ ወደ ላቲን መልሶታል።

ታላቁ አባት እንጦንስ ወደ እስክንድርያ በመጣ ጊዜ፣ በዓይኑ መጥፋት ያዝን እንደ ሆነ ዲዲሞስን ጠየቀው። ዲዲሞስ አፍሮ ዝም አለ። ደጋግሞ ሲጠይቀው ግን ማዘኑን ሳይሸሽግ ተናገረ። እንጦንስም ዝንብና ጉንዳን ያላቸውን ዓይን በማጣቱ ከማዘን ይልቅ ቅዱሳንና ሐዋርያት በታደሉት የልብ ዓይን ደስ ሊለው እንደሚገባ ነገረው። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የእንጦንስ ማጽናኛ ነው። እኛ ግን የዲዲሞስንም እውነተኛነት እንወዳለን፤ ያን ያህል ዐውቆ፣ ያን ያህል ተከብሮም ኀዘኑ ኀዘን ነበር።

በ398 ዓ.ም. ገደማ፣ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። የኦሪጀንን መጻሕፍት ይወድ ስለ ነበር ከዕረፍቱ በኋላ ስሙ በክርክር ውስጥ ገባ፤ ከድርሰቶቹም ብዙዎቹ ጠፉ። በ1941 ዓ.ም. ግን በካይሮ አቅራቢያ ቱራ በተባለ የድንጋይ ማውጫ ዋሻ ውስጥ የመዝሙረ ዳዊት፣ የኢዮብና የዘካርያስ ትርጓሜዎቹ በፓፒረስ ተጽፈው ተገኙ።

በእኛም ቤተ ክርስቲያን መንገዱ አልተዘጋም። ዜማ ከየኔታ አፍ በጆሮ የሚቀበሉት ነው፤ ጸናጽልና መቋሚያ በእጅ ይለመዳሉ፤ ቅኔ ያለ ብራና በልብ ይቈጠራል። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡት አለቃ አያሌው ታምሩ የመጻሕፍት ሊቅና ደራሲ እስከ መሆን የደረሱት በዚሁ ጉባኤ አልፈው ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የድጓው ምልክት በብራና ላይ ነው፤ የሚያነብለት ጓደኛ ያላገኘ ዓይነ ስውር ተማሪ ከዚያ ይቆማል። ቁራሽ ለመለመን ሲወጣም ውሻና ገደል አለበት፤ የሚመራው ያሻል። የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን አንባቢ ቢሆኑት፣ የሰበካ ጉባኤያትም ለእርሱና ለሚመራው ልጅ ቀለብ ቢቈርጡ፣ በደጀ ሰላሙ ከምናልፋቸው መካከል አንዱን በሚመጣው በዓል ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ልናገኘው እንችላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።