አባ ኢየሱስ ሞዓ፦ ታሪካቸውን ማን ጻፈው?

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ መነኩሴ ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው የተወለዱት በዳህና ሲሆን፣ ትግራይ ሄደው በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ መነኮሱ። በ1248 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአምባሰል አጠገብ ወዳለው ሐይቅ መጡ። በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ገዳም አቋቁመው ማስተማር ጀመሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ የእሳቸው ተማሪ ነበሩ። ያረፉት በ1293 ነው።

ስማቸው ከቤተ ክህነት አልፎ የወጣው ግን በመንግሥት ነገር ነው። በ1270 አፄ ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት ጥለው ሲነግሡ ማን ረዳቸው? የሐይቁ ገድል አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው ይላል፤ ንጉሡም ለውለታው የዐቃቤ ሰዓትነትን ሹመት ለሐይቅ መምህር ሰጡ ይላል። የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ ባለውለታው ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ የአገሩ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውም በእሳቸው ምክንያት ነው ባይ ነው።

ታዲያ ማንን እንመን? ልብ በሉ፣ ሁለቱም ተራኪዎች ከሚተርኩት ነገር ተጠቃሚ ናቸው። የሐይቁ ገድል የተጻፈው አባ ኢየሱስ ሞዓ ካረፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ያውም ሹመቱ ለገዳሙ በሚገባው ወገን። እኛ በክፍል ውስጥ የጥቅም ግጭት እያልን የምንማረው ይኸው ነው።

እንዲህ ሲባል መነኮሳቱ ዋሹ ማለት አይደለም። ጥቅም ያለው ሰውም እውነት ሊናገር ይችላል። ቁም ነገሩ ጥቅሙ መታወቁ ላይ ነው። የሐይቁ ገድል የተገኘውን ሹመት አልደበቀም፤ በግልጽ ስላስቀመጠው አንባቢ ቃሉን እየመዘነ ማንበብ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ማስረጃ መፈለግ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በሕይወት ሳሉ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ቢያንስ በሐይቅ መኖራቸውንና ለገዳሙ መጻሕፍት ማበርከታቸውን ገድሉን ሳንጠራ ያስረዳናል። ንጉሡን አነገሡ ለሚለው ግን ይህን ያህል ማስረጃ የለንም።

አበል ተከፍሎት ስብሰባ የሚዘግብ ጋዜጠኛም ያው ነው። ዘገባው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አበሉን ማን እንደከፈለው በአንዲት መስመር ካልጻፈ፣ የእሱ አንባቢ የሐይቁ ገድል አንባቢ ያገኘውን ያህል እንኳ ዕድል አላገኘም።