ፍራንዝ ሊስት እና የቢ ማይነር ሶናታው

በ1811 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሐንጋሪ መንግሥት ግዛት በራይዲንግ የተወለደው ፍራንዝ ሊስት በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት የፒያኖ ተጫዋች ነበር። ይሁን እንጂ ለፒያኖ ከደረሳቸው ሥራዎች ሁሉ ታላቁን የፈጸመው ለገንዘብ መጫወት ካቆመ በኋላ ነው። በ1847 በኤሊሳቬትግራድ በክፍያ የሚቀርብ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲያሰማ ገና የ35 ዓመት ሰው ነበር። በማግስቱ ዓመት በጀርመን ቫይማር ተቀምጦ የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ እየመራ ለድርሰት አደረ።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1853 የተፈጸመው የቢ ማይነር ሶናታ የዚህ ውሳኔ ፍሬ ነው። ሶናታ በልማድ ተለያይተው የሚቆሙ ክፍሎች ሲኖሩት፣ ይህ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ይዘልቃል። በመግቢያው የሚሰሙት ጥቂት ጭብጦች ደጋግመው መልካቸውን ይለውጣሉ፤ እንደ መዶሻ ምት በተደጋገመ ኖታ የመጣው አስፈሪ ጭብጥ ቆይቶ የፍቅር ዜማ ሆኖ ይመለሳል።

ብዙ ተንታኞች በሶናታው ውስጥ የፋውስትን ታሪክ ያነብባሉ። ሊስት ግን ለሥራው ምንም ዓይነት ታሪክ አልሰጠውም፤ ስለዚህ ከእነዚህ ትርጓሜዎች ይልቅ የእጅ ጽሑፉ የተሻለ ምስክር ነው ለማለት ይቻላል። ሶናታው በመጀመሪያ የሚደመደመው በታላቅ ድምፅ ነበር። ሊስት ይህን ሰርዞ በጸጥታ የሚከስም፣ በፒያኖው ግርጌ በአንዲት አጭር ኖታ የሚያበቃ ፍጻሜ ተካበት። አዳራሽ በጭብጨባ ሲናወጥ መስማት ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ስረዛ አልነበረም።

መታሰቢያነቱን ለሮበርት ሹማን ሰጠው፤ ሹማን በ1839 የታተመውን ፋንታዚውን ለሊስት አበርክቶለት ነበርና አጸፋ መሆኑ ነው። ዳሩ ግን ሶናታው በ1854 ሲታተም ሹማን በቦን አጠገብ በኤንዴኒክ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ገብቶ ነበር። እርሱ በሌለበት ቤት ሥራውን የሰማችው ባለቤቱ ክላራ፣ ራሷ ስመ ጥር ፒያኒስት፣ ፈጽሞ አልወደደችውም። በአንጻሩ ቫግነር በ1855 ለንደን ላይ ክሊንድዎርዝ ሲጫወትለት እጅግ አደነቀው።

የሊስት ደቀ መዝሙር ሐንስ ፎን ቢውሎ በጃንዋሪ 1857 በርሊን ላይ ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰማው ተቺዎች ክፉኛ አወረዱት። ሊስት ከዚያ በኋላ 29 ዓመት ኖሮ በ1886 በባይሮይት ሲያርፍ፣ ሌላ የፒያኖ ሶናታ አልጻፈም።