የኮምፒዩተርን ቋንቋ ለተጠቃሚው ያቀረቡት ግሬስ ሆፐር

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ ዕቃ ሸጦ ደረሰኝ ለመስጠት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን ጥቂት ቁልፎች መጫን ይበቃዋል። መሣሪያው ታክሱን በምን ስልት እንደሚያሰላ የማወቅ ግዴታ የለበትም። በኮምፒዩተር የመጀመሪያ ዘመናት ግን ማሽኑን ማዘዝ የሚችሉት የቁጥር ኮድ የሚያውቁ ጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ነበሩ። ይህ እንዲለወጥ ከደከሙት መካከል አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በቫሳር ኮሌጅ እያስተማሩ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1943፣ የአገራቸውን ባህር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ተቀላቀሉ። ክብደታቸው ከተወሰነው በታች በመሆኑ ለመቀጠር ልዩ ፈቃድ አስፈልጓቸው ነበር። በ1944 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው ማርክ አንድ በተባለው ግዙፍ የስሌት ማሽን ላይ ሠሩ፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለውን የማሽኑን መመሪያ በማዘጋጀትም ዋናውን ድርሻ አበረከቱ።

ከጦርነቱ በኋላ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ወደሚሠራው ኩባንያ ገብተው በ1952 ማሽኑ ራሱ ፕሮግራም እንዲያሰናዳ የሚያስችል ኮምፓይለር አዘጋጁ። ቀጥለውም የሒሳብና የንብረት ሠራተኞች ትዕዛዛቸውን በዕለት ተዕለት ቃላት እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረቡ። ኮምፒዩተር ቃላት አይገባውም የሚል እምነት ሥር ሰዶ ስለነበር ሐሳቡ ተቃውሞ ገጠመው። ሆፐር አንዱን ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጭምር ሠርተው በማሳየት ለማሽኑ ቋንቋ ሁሉ አንድ መሆኑን ለማስረዳት ሲሞክሩ አለቆቻቸው ይበልጥ መደናገጣቸውን በኋላ ተርከዋል።

ያም ሆኖ ጥረታቸው ፍሬ አፍርቷል። በ1959 ሜሪ ሃውስ ለንግድ ሥራ የሚያገለግል የጋራ ቋንቋ እንዲኖር ጥሪ አቀረቡ፤ ጂን ሳሜትና ሌሎች ባለሙያዎችም ኮቦል የተባለውን ቋንቋ ቀረጹ። የኮቦል መሠረት የሆፐር ፍሎው-ማቲክ ሲሆን እርሳቸውም በአማካሪነት አገልግለዋል። ኮቦል በባንኮችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለደመወዝና ለሒሳብ ሥራ በስፋት ተሠርቶበታል።

ሆፐር በ1966 ጡረታ ቢወጡም በቀጣዩ ዓመት ለ6 ወራት ተጠርተው እስከ 1986 ቆዩ። በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ተሰናብተው ጥር 1 ቀን 1992 አረፉ። በ2016 ከሕልፈታቸው በኋላ የአሜሪካ ከፍተኛው የሲቪል ሜዳይ ተሰጥቷቸዋል።

የሆፐር ሕይወት ለእኛም ትምህርት አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛ በኮምፒዩተር አይሆንም ማለት አያስኬድም። በመሆኑም የመርካቶው ነጋዴ የሚሞላው ቅጽ በሚገባው ቋንቋ መቅረብ አለመቅረቡ የማሽኑ ሳይሆን የአገልግሎት ሰጪው ውሳኔ ነው።