አርባ ዓመት ሲሞላው ፊደል የቆጠረው እረኛ

በላግ ባኦመር ማታ ናታንያ ባሕር ዳርቻ የወረደ ሰው፣ የጭሱ ሽታ ሁለት ቀን ከልብሱ አይለቅም። ልጆች ከፋሲካ ማግስት ጀምረው የተጣለ ሳንቃ በሱፐር ጋሪ እየገፉ ያጠራቅማሉ፤ ሲመሽ ያቀጣጥሉታል፤ ድንች በአልሙኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ ፍም ውስጥ ይገባል። እኛም ልጆች ሳለን ሳንቃ ጎትተናል። እናቶቻችን መጀመሪያ ሲያዩት በአገር ቤት የክርስቲያኖቹ ደመራ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ምን በዓል እንደሆነ ሲጠይቁን የራቢ አኪቫ ነው ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረንም። ቤተ እስራኤል ኦሪትን ይዞ በኖረባቸው መንደሮች ላግ ባኦመር አልነበረም፤ የአኪቫም ስም አይታወቅም ነበር። ዘግይተንም ቢሆን ለዚያ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ የዚህን ሰው ሕይወት ለዚህ እትም መርጠናል።

ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ የሐዴራ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ከነሱ ትንሽ አለፍ ብላ ያለችው ቂሣርያ ናት፤ በዚያ ዘመን የሮማ ገዥ መቀመጫ ነበረች። በወግ እንደሚነገረው የአኪቫ ታሪክ የሚያልቀው እዚያ እስር ቤት ነው። የሚጀምረው ግን በበግ ጥበቃ ነው።

አኪቫ የዮሴፍ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር 50 ዓ.ም. አካባቢ እንደተወለደ ይገመታል። ጊዜው ጳውሎስ በየከተማው የሚሰብክበት፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ከምኩራብ ገና ፈጽሞ ያልተለዩበት ነው። ጳውሎስም በዚያችው ቂሣርያ ሁለት ዓመት ታስሯል። አኪቫ የድኃ ልጅ ነበር፤ ወገኖቹ ወደ አይሁድነት የገቡ ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል። ማንበብ አይችልም። የተማረ ሰው ባገኘ እንደ አህያ ሊነክሰው ይመኝ እንደነበር በኋላ ራሱ ለተማሪዎቹ ተናግሯል። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ቢሮ ለቢሮ በማያውቁት ቋንቋ ወረቀት ሲሰጧቸው የነበሩት ወላጆቻችን ትዝ ሲሉን ደግሞ ሳቃችን ቆመ።

በጎቹ የካልባ ሳቩዓ ነበሩ፤ ሰውየው ከኢየሩሳሌም ባለጠጎች አንዱ ነው። ሴት ልጁ እረኛው ጨዋና ትሑት መሆኑን አየች። ታልሙድ ስሟን አይጠራም፤ በሌሎች ጽሑፎችና በሕዝቡ አፍ ግን ራሔል ናት። ለመማር ፈቃደኛ ከሆነ ልታገባው ጠየቀችው፤ እሺ አለ፤ በስውር ተጫጩ። አባት ሲሰማ ከቤቱ አባረራት፤ ከሀብቱም ሰባራ ሳንቲም እንዳትነካ ተሳለ።

ክረምቱን በገለባ ላይ ተኝተው አሳለፉት። ጠዋት ጠዋት አኪቫ ከጠጉሯ ላይ ገለባውን እየለቀመ፣ ሀብት ባገኝ የኢየሩሳሌም ቅርጽ ያለው የወርቅ ጌጥ አደርግልሽ ነበር እያለ ያጽናናታል። ሁላችንም በዜማው የምናውቀው፣ ናኦሚ ሼመር በ1967 የጻፈችው የወርቋ ኢየሩሳሌም መዝሙር ስሙን የወሰደው ከዚህ ጌጥ ነው። በአንደኛው ሌሊት አንድ ሰው በር አንኳኩቶ ሚስቱ እንደወለደችና የምትተኛበት ገለባ እንኳ እንደሌለው ነገራቸው። ሰጡት። ከእነሱ የባሰ ድኃ መኖሩን ያዩ ዘንድ የመጣ ነቢዩ ኤልያስ ነበር ይላሉ።

ትምህርቱ እንዴት እንደጀመረ ሁለት ዓይነት ትረካ አለ። እኛ የምንወደው ይህኛውን ነው። አኪቫ አርባ ዓመት ሆኖት ውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ የተቦረቦረ ድንጋይ አየ። ማን ቦረቦረው ብሎ ጠየቀ፤ በየቀኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው አሉት። ለስላሳው ውሃ ድንጋይን ከበሳ ትምህርትም ልቤን ይበሳል ብሎ ልጁን ይዞ ወደ ሕፃናት አስተማሪ ሄደ። ሰሌዳውን አባት በአንድ ጫፍ፣ ልጅ በሌላው ጫፍ ይዘው አሌፍ ቤት ቆጠሩ። ከእኛ ቤት ይህን የማያውቅ ማን አለ? አባቶቻችን መርካዝ ክሊታ ኡልፓን ገብተው ፊደል ሲቆጥሩ፣ እኛ አንደኛ ክፍል ያንኑ ፊደል እንቆጥር ነበር። ማታ ደብተር ስናወጣ ማን ማንን እንደሚያስጠና ግን ሁልጊዜ ግልጽ አልነበረም። አኪቫ ጫካ ወርዶ እንጨት ይለቅም ነበር፤ ግማሹን ሽጦ ይበላል፣ በግማሹ ብርሃን ያጠናል። በኢየሩሳሌም ታልሙድ እንደሚነገረው ራሔል ሹሩባዋን ቆርጣ ሸጣ አስተምራዋለች።

ከዚያ ሄደ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በራቢ ኤሊዔዘርና በራቢ ዬሆሹዓ ዘንድ ተምሮ ከ12,000 ተማሪዎች ጋር ተመለሰ። ደጃፉ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ራሔልን፣ ባልሽ በሕይወት እያለ እስከ መቼ መበለት ሆነሽ ትኖሪያለሽ እያለ ሲነቅፋት ሰማ። እሷም፣ ቢሰማኝ ሌላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይጨምር ነበር ስትል መለሰች። አኪቫ ፈቃዷን አገኘሁ ብሎ ከደጃፉ ዞሮ ተመለሰ። ሳይገባ፣ ሳይስማት፣ አንድ ስኒ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ!

እዚህ ላይ ዝግጅት ክፍላችን ተጣልቷል። ወንዶቹ ታላቅ ፍቅር ነው አልን። ሴቶቹ፣ ለሽማግሌ አፍ መዝጊያ የተነገረ ቃል ፈቃድ አይባልም አሉን። ደራሲዋ ዮኺ ብራንዴስም የአኪቫን ዘመን በልብ ወለድ ስትጽፍ ታሪኩን በሚስቱ ዓይን ማየቷ ያለ ምክንያት አይመስለንም። ክርክሩን አልጨረስነውም። ቁጥሮቹ የአፈ ታሪክ ቁጥሮች እንደሆኑ እናውቃለን፤ ሆኖም ዐሥራ ሁለቱ ዓመት አንድም ይሁን ሃያ አራት፣ ቤት የቀረው ሰው እሷ ናት።

በሃያ አራተኛው ዓመት ከ24,000 ተማሪዎች ጋር ሲመጣ ከተማው ሁሉ ሊቀበለው ወጣ። ጎረቤቶች ለራሔል ደህና ልብስ ተዋሺ አሏት፤ እምቢ ብላ በለበሰችው ሄደች። እግሩ ላይ ስትወድቅ ተማሪዎቹ ገፈተሯት። ተዉአት፣ የእኔም የእናንተም እውቀት የእሷ ነው አላቸው። ካልባ ሳቩዓም ታላቅ ሊቅ መጣ ሲባል ስእለቱን ያስፈታ ዘንድ ቀረበ። ልጅህ የምታገባው ሰው ሊቅ እንደሚሆን ብታውቅ ትስል ነበር ወይ ቢለው፣ አንዲት ሕግ እንኳ ቢያውቅ አልስልም ነበር አለ። ያኔ ማን እንደሆነ ነገረው። አማቹም የሀብቱን እኩሌታ ሰጠው፤ የወርቁም ጌጥ ለራሔል ተሠራ።

አኪቫ በብኔ ብራክ ተቀምጦ አስተማረ፤ የቃል ሕጉን በየርእሱ ሰብስቦ ካስተካከሉት ሰዎች ዋነኛው ነው። ሊቃውንት መኃልየ መኃልይ ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠር አይቆጠር ብለው ሲከራከሩ፣ ከሁሉም መጻሕፍት የተቀደሰ ነው ብሎ የቆመለት እሱ ነው። ቄሶቻችን በግዕዝ የያዙት ያ የፍቅር መጽሐፍ በገለባ ላይ ተኝቶ ያደረ ሰው ጠበቃው ነበር።

ከዚያ ተማሪዎቹ አለቁ። በፋሲካና በሻቩዖት መካከል የሞቱት እርስ በርስ ስላልተከባበሩ ነው ይላል ታልሙድ፤ ላግ ባኦመርም ሞቱ ያቆመበት ቀን ተደርጎ ይከበራል። ሽማግሌው አኪቫ ወደ ደቡብ ወርዶ ከጥቂት አዲስ ተማሪዎች ጋር እንደገና ጀመረ፤ ራቢ ሜኢርና ራቢ ሺምዖን ባር ዮኻይ ከነሱ ናቸው።

በ132 ባር ኮኽባ በሮማ ላይ ሲያምፅ አኪቫ መሲሑ ይህ ነው ብሎ አመነ። ራቢ ዮኻናን ቤን ቶርታ ግን መሲሕ ሳይመጣ በመንጋጋህ ሣር ይበቅላል ብሎ ፊት ለፊት ተቃወመው። የተሳሳተው አኪቫ ነበር፤ በ135 ቤታር ወደቀች። ሊቃውንቱ የታላቃቸውን ስሕተት ሳይሸፍኑ መጻፋቸው ደስ ይለናል።

ሮማውያን ኦሪት ማስተማርን ሲከለክሉ በአደባባይ አስተማረ፤ ያዙት። በእስር ቤት ራቢ ዬሆሹዓ ሃጋርሲ ውሃ ያመጣለት ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ግማሹን ደፋበት። አኪቫ በቀረው ከመጠጣት እጁን መታጠብ መረጠ። ለንጽሕና ብለው ወንዝ ዳር መንደር የሚመሠርቱ አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለንም።

ሊገድሉት ባወጡት ሰዓት የሸማዕ ጸሎት ጊዜ ነበር። ሥጋውን በብረት ማበጠሪያ እየቧጠጡት እሱ ይጸልይ ነበር። ተማሪዎቹ እስከዚህ ድረስ ነው ወይ ሲሉት፣ ጌታን በፍጹም ነፍስ መውደድ የሚለው ትእዛዝ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስጨንቀው እንደኖረና አሁን ሊፈጽመው እንደቻለ ነገራቸው። እግዚአብሔር አንድ ነው በሚለው ቃል ላይ ነፍሱ ወጣች።

መቃብሩ ነው የሚባለው በጥብርያዶስ ከተማ ኮረብታ ላይ ነው፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይሳለመዋል። በዚያችው ከተማ የራሔል ነው የሚባል ሌላ መቃብር አለ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ይላል።