ጥላሁን ገሠሠ፦ የደንብ ልብስ ለብሶ የነገሠው ድምፃዊ

በጀርመን የፍራንክፈርት ከተማ ዋና ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የሚጀምረው ባንሆፍስፊርቴል የብዙ አገር ሰዎች የሚተላለፉበት ሰፈር ነው። በጣቢያው ዙሪያ ከሚገኙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ላለ መንገደኛ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ እንግዳ አይሆንበትም። ድምፃዊው ካረፈ ከ15 ዓመት በላይ አልፎታል። በዘመኑ የነገሡት መንግሥታት ሦስት ናቸው። አንዱ አሰልፎት አንዱ ተጠራጥሮት፣ ሁሉም ግን ድምፁን ፈልገውታል። ድምፁን ይዞ የተሰደደው ግን ሕዝቡ ነው።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደ። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበር፤ አገሪቱም በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱ አቶ ገሠሠ ይባላሉ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወሰዱት፤ እዚያም ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። አያት የልጁ ልብ ወደ ዘፈን ማድላቱን አልወደዱትም፤ ተምሮ ሰው እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። ሱዳናዊው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ግን ተሰጥኦውን አይተው አበረታቱት። የአገር ፍቅር ከያንያን ወደ ትምህርት ቤቱ በመጡ ጊዜም ኢዩኤል ዮሐንስን የማነጋገር ዕድል አገኘ። ሙዚቃ ከፈለገ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እንደሆነ የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሊሶ አልበቃችውም። ማንንም ሳያማክር በእግሩ ተነሥቶ እስከ ቱሉ ቦሎ ተጓዘ። ዘመድ ቤት አድሮ ወደ አያቱ ቢመለስም ብዙ አልቆየም፤ በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። አገር ፍቅር ቴአትርም ቀጠረው። በ1927 ዓ.ም. በወረራው ዋዜማ ሕዝብን ለመቀስቀስ በማኅበርነት የተቋቋመው ይህ ቤት፣ ለታዳጊው የመጀመሪያ መድረኩ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥላሁን ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ በመንግሥት እጅ ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። የነሐስ መሣሪያው፣ የመለማመጃ አዳራሹና መድረኩ የመንግሥት ነበር፤ ድምፃዊውም ደመወዝተኛ ነው። ዜማውን የሚያዘጋጁለት እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የክፍሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድም የተገኙት ከዚሁ ቤት ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የሆነው ተቃራኒው ነበር። አሜሪካዊው ኤልቪስ ፕሪስሊ ከእ.ጎ.አ. 1958 እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ከፍራንክፈርት በስተሰሜን በምትገኘው ፍሪድበርግ በወታደርነት አገልግሏል። ለእርሱ የደንብ ልብስ ከመድረክ የሚርቅበት ጊዜ ነበር፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። ለጥላሁን ግን የደንብ ልብሱ ራሱ የመድረክ ልብስ ነበር። ወጣቶች የሚያብዱለት ኮከብ የወጣው ከንግድ ኩባንያ ሳይሆን ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂዎች መካከል ነው።

ይህ ዝምድና ዋጋ ነበረው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው በጦር ሠራዊቱና በአየር ኃይሉ በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ጄኔራሉ በስቅላት ተቀጡ፤ ክብር ዘበኛም በጥርጣሬ ዓይን መታየት ጀመረ። ጥርጣሬው ለሙዚቀኞቹም ተረፈ፤ ጥላሁን ተይዞ ለተወሰነ ጊዜ ታሰረ። ጠመንጃ ያልያዘው ዘፋኝ በለበሰው ልብስ የአለቆቹ ዕዳ ተካፋይ ሆነ።

የታሰረው ድምፅ ግን ተመልሶ ተፈለገ። ጥላሁን ከእስር ወጥቶ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዝናው ጫፍ ደረሰ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊትም ዘፈነ። የሸክላ ኅትመት ለረጅም ጊዜ ለአገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግን ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ልማድ ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት። አድማጩ ከእንግዲህ ድምፁን ከሬዲዮና ከቴአትር ቤት ብቻ አይጠብቅም፤ ገዝቶ ቤቱ ይወስደዋል። ዘፋኙ ከመንግሥት እጅ ወደ ሕዝብ እጅ መሸጋገር የጀመረበት ጊዜ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

የጥላሁን ኃይል በአዘፋፈኑ ላይ ነበር። ግጥምና ዜማ አዘውትረው የሌሎች ነበሩ፤ እርሱ ግን የዘፈነውን ሁሉ የራሱ አደረገው። ድምፁ ከፍ ሲል አይሰነጠቅም፣ ዝቅ ሲል አይጠፋም፤ ቃሉ ከነሐሱ ጩኸት በላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ፍቅርን፣ ትዝታን፣ አገርንና ረሃብን ዘፍኗል። ዝናውን የገነባው በአማርኛ ቢሆንም በአፋን ኦሮሞም ዘፍኗል። በአማርኛውም በአፋን ኦሮሞውም የሚያዳምጡት የእኔ ነው ይሉታል፤ ስለ ማንነት ብዙ በሚያከራክር አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የአዲስ አበባ ሌሊት በሰዓት እላፊ ተዘጋ። ከያንያን ተሰደዱ፤ አምሃ እሸቴም ከስደተኞቹ አንዱ ነበር። ጥላሁን ግን አገር ቤት ቀርቶ ዘፈነ። መንግሥት የሚፈልጋቸውን የአገርና የሠራዊት ዜማዎች እየተጫወተ፣ የፍቅሩንም ዘፈን አልተወም። ይህን እንደ ተገዢነት የሚያዩት አሉ፤ በደመወዝና በትእዛዝ ያደገ ባለሙያ ከዚያ የተለየ መንገድ እንዳልነበረው የሚያስቡም አሉ። ሸክላው በካሴት ሲተካ ድምፁ በስደተኛው ሻንጣ ውስጥ ድንበር ተሻገረ። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት ያለው ሰው ከሸሸው ሥርዓት ጋር አላዛመደውም፤ ከትቶት ከመጣው ቤቱ ጋር እንጂ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ከባድ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. በቤቱ ሳለ አንገቱ ላይ በስለት ክፉኛ ቆሰለ። ድምፁ የሚወጣበት ስፍራ ነበርና ያበቃለት የመሰለው ብዙ ነው፤ እርሱ ግን ድኖ ዘፈነ። ኋላም በስኳር ሕመም እግሩን አጣ፤ መድረኩን ግን አልተወም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በ1990ዎቹም የድሮ ሥራዎቹ ፈረንሣይ ውስጥ በሚታተመው ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ 17ኛ ቅጽ ሆነው ለዓለም አድማጭ ቀረቡ።

ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ አረፈ። ዕለቱ ፋሲካ ነበር፤ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ለማሳለፍ ከአሜሪካ መምጣቱ ነበር። በመንግሥት ደረጃ በተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኝቶት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የቀጠረው ዘውድና የጠባቂ ጦሩ ቀድመው ፈርሰዋል፤ ያዘመረው አብዮትም አልፏል። በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ለእንጀራ የተቀመጠው ስደተኛ ግን ስለ እነዚያ ሁሉ ሳያስብ ዘፈኑን ያዳምጣል። ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ለፋሲካ ቤቱ መድረስ የእርሱም ምኞት ነውና።