ሪቻርድ አለንና የ1793 ወረርሽኝ የሒሳብ መዝገብ

የአንድ ድልድይ ድካም የሚታወቀው ጎርፍ በመጣ ጊዜ ነው። ስንጥቁ አስቀድሞ በድንጋዩ ውስጥ ነበረ፤ ጎርፉ አወጣው። በሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮም ላይ የሚታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። ወረርሽኝ በአንድ ከተማ ላይ በወረደ ጊዜ ማን በማን ትከሻ ላይ ተደግፎ ይኖር እንደነበረ፣ ማን ለመሸሽ አቅም እንዳለውና ማን ለመቅረት እንደሚገደድ፣ በመጨረሻም ማን ተመስግኖ ማን እንደሚወቀስ ይገለጻል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በሰሜን አሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ የደረሰው ነገር ለዚህ ሁነኛ ምስክር ሲሆን፣ ታሪኩም ከባርነት ተነሥቶ እስከ ጵጵስና ከደረሰው ከሪቻርድ አለን ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው።

ሪቻርድ አለን በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1760 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤንጃሚን ቹ በተባለ የፔንሲልቬንያ ስመ ጥር የሕግ ሰው ቤት በባርነት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹና ከወንድሞቹ ጋር በዴላዌር ግዛት ለሚኖር ስቶክሊ ስተርጂስ ለሚባል ገበሬ ተሸጠ። ስተርጂስ ከሌሎች ጌቶች ጋር ሲተያይ ልበ ለስላሳ እንደነበረ አለን ራሱ መስክሮለታል፤ ይሁን እንጂ ዕዳ በተጫነው ጊዜ የአለንን እናትና ሦስት ልጆቿን ሸጠ። የጌታ ደግነት የጌታን ባለዕዳነት እንደማይከላከል አለን በልጅነቱ የተማረው በዚህ ነው።

በ17 ዓመቱ ገደማ በሜቶዲስት ሰባኪዎች ትምህርት አመነ። ስተርጂስም ባርነትን የሚያወግዝ የአንድ ሰባኪ ቃል ልቡን ስለነካው፣ አለን ራሱን በ2,000 ዶላር የወረቀት ገንዘብ እንዲገዛ በ1780 ተስማማ። ወጣቱ እንጨት እየፈለጠ፣ በጡብ ማምረቻ እየሠራ፣ በነፃነት ጦርነቱ ዘመን ጨው በጋሪ እያመላለሰ ገንዘቡን አጠራቀመና ከተወሰነለት ጊዜ አስቀድሞ በ1783 ዕዳውን ጨርሶ ነፃ ወጣ። በገዛ አካሉ ዋጋ ላይ ሒሳብ የሠራ ሰው የቁጥርን ትርጉም ከማንም ይልቅ ቢያውቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

በ1786 ወደ ፊላዴልፊያ ገባ። ከተማይቱ በዚያ ዘመን በአሜሪካ የላቀች የንግድና የትምህርት ማዕከል ስትሆን፣ ከ1790 እስከ 1800 ደግሞ የአገሪቱ ርዕሰ ከተማ ነበረች። ፔንሲልቬንያ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ በ1780 ያወጣች በመሆኗ ነፃ የወጡ ጥቁሮች ከየአቅጣጫው ወደዚህች ከተማ ይጎርፉ ነበር። የሚያገኙት ሥራ ግን የጫኝና አውራጅነት፣ የግርድናና የአሽከርነት፣ የጢስ ማውጫ ጠራጊነት ነበር። አለንም ጫማ በመሥራትና የጢስ ማውጫ የሚጠርጉ ሠራተኞችን በማሰማራት ኑሮውን እየመራ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጎሕ ሳይቀድ ለጥቁር ምእመናን ይሰብክ ጀመር።

በ1787 አለን ከጓደኛው ከአብሳሎም ጆንስ ጋር ሆኖ የነፃ አፍሪካውያን ማኅበር የተባለውን ድርጅት መሠረተ። እያንዳንዱ አባል በወር 1 ሽልንግ እያዋጣ፣ ማኅበሩ የታመመውን የሚጦር፣ የሞተውን የሚቀብር፣ ባል የሞተባትንና ወላጅ አልባውን የሚረዳ ነበርና ከዕድር የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የማይረሳ ነገር ደረሰ። ለቤተ ክርስቲያኑ ማስፋፊያ ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን የሰጡት ጥቁሮች ለነጮች በተለየ ስፍራ ተንበርክከው ሲጸልዩ ተገኙ ተብሎ፣ ጸሎቱ እንኳ ሳይፈጸም አብሳሎም ጆንስን ጎትተው ሊያነሡት ሞከሩ። ጸሎቱ ባበቃ ጊዜ ጥቁሮቹ በአንድነት ተነሥተው ወጡ፤ ወደዚያም አልተመለሱም።

በ1793 የበጋ ወራት ነገሩ እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ሳለ በዴላዌር ወንዝ ወደብ አጠገብ ሰዎች በኃይለኛ ትኩሳት ይያዙ፣ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆን፣ ጥቁር ደም ያስመልሳቸውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞቱ ጀመር። በሽታው ቢጫ ወባ ነበር። በዚያው ዓመት ከሳን ዶሚንግ፣ በዛሬው ስሟ ከሄይቲ፣ አብዮት የሸሹ ሰዎችን የጫኑ መርከቦች በከተማይቱ ወደብ ደርሰው ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኤጂፕቲ የተባለችው ቢምቢ መሆኗን ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ያመለከተው በ1881፣ የዋልተር ሪድ ቡድን በሙከራ ያረጋገጠው ደግሞ በ1900 ነው። የ1793 ሐኪሞች ግን ምክንያቱን በወደቡ ላይ ከበሰበሰ ቡናና ከመጥፎ አየር ሲፈልጉ፣ ቢምቢዋ በየግቢው በተቀመጠው የዝናብ ውሃ በርሜል ውስጥ ትራባ ነበር።

ከከተማይቱና ከዳርቻዋ 50 ሺህ ያህል ነዋሪዎች መካከል ወደ 17 ሺህ የሚጠጉት ሸሹ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በሴፕቴምበር ከከተማይቱ ወጡ፤ መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፤ ባል ሚስቱን፣ ልጅ አባቱን ጥሎ የሄደበት ቤት ብዙ ነበር። ሠረገላም ሆነ በገጠር የሚቀበለው ዘመድ የሌለው ደኃ ግን ባለበት ቀረ።

በከተማይቱ እጅግ የታወቀው ሐኪምና የነፃነት አዋጁ ፈራሚ ዶክተር ቤንጃሚን ረሽ ወደ ጥቁሮቹ መሪዎች ፊቱን የመለሰው በዚህ ሰዓት ነው። በሳውዝ ካሮላይና የሚኖር ጆን ላይኒንግ የተባለ ሐኪም ከብዙ ዓመታት በፊት ጥቁሮች በቢጫ ወባ አይያዙም ብሎ ጽፎ ነበርና፣ ረሽ ይህንኑ በጋዜጣ አውጥቶ ጥቁሮች በሽተኞችን እንዲያስታምሙ ጠየቀ። ረሽ የባርነት ተቃዋሚና የአለን ወዳጅ ስለነበረ ነገሩን በክፋት አላደረገውም። ስሕተቱ ግን ከባድ ነበር። በአፍሪካ ወይም በምዕራብ ኢንዲስ አድጎ በልጅነቱ በበሽታው ተይዞ የዳነ ሰው፣ ቆዳው ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ዳግመኛ አይያዝም፤ በፊላዴልፊያ ተወልዶ ያደገ ጥቁር ግን እንደ ነጭ ጎረቤቱ በበሽታው ይያዛል። ከኑሮ ታሪክ የመጣውን ነገር ከቀለም እንደመጣ አድርጎ መቁጠር በዚያ ዘመን ሳይንስ ይባል ነበር። ይህም ሳይንስ ሌላው የሚሸሸውን ሥራ በጥቁሮች ላይ ለመጣል የተመቸ ስለነበረ መርማሪ አላገኘም።

አለን፣ ጆንስና ጥቂት ጓደኞቻቸው ተሰብስበው ተመካከሩና ለመርዳት ወሰኑ። መጀመሪያ በገቡበት ቤት ሚስቲቱ ሞታ ተጋድማለች፤ ባልየው ሊሞት ያጣጥራል፤ ከሁለት ሕፃናት በቀር የሚረዳ የለም። በዚያች ቀን ከ20 በላይ ቤቶችን ጎበኙ። ከዚያም ወደ ከንቲባው ማቲው ክላርክሰን ሄደው ምን እንደሚሠሩ ጠየቁ፤ አስታማሚ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እነሱ እንዲመጣም ማስታወቂያ ወጣ። የሞቱትን ገንዘው በሣጥን ከተው ቀበሩ፤ የተበከሉ ፍራሾችንም ቀበሩ፤ በጎዳና የቀሩ ሕፃናትን ሰበሰቡ። ሐኪሞች ባለቁ ጊዜም ረሽ አስተምሯቸው ከ800 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን ደም አፈሰሱ። ዘመኑ መድኃኒት ነው ብሎ ያመነበት ይህ አሠራር ይጎዳ እንጂ እንደማይጠቅም ዛሬ የታወቀ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የቆመ ሌላ ሰው አልነበረም። አለን ራሱም በበሽታው ተይዞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ።

ቅዝቃዜው መጥቶ ቢምቢዋ ስትጠፋ ወረርሽኙ በኖቬምበር ቆመ። የሟቾቹ ቁጥር ከ4 ሺህ እስከ 5 ሺህ ይገመታል። በከተማይቱ የቀብር መዝገብ መሠረት በ1792 የተቀበሩት ጥቁሮች 67 ሲሆኑ በ1793 ግን 305 ሆኑ። አይያዙም የተባሉት ሰዎች መቃብር በአንድ ዓመት ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ረሽም ስሕተቱን ኋላ አምኗል፤ ይሁን እንጂ እምነቱ የመጣው ሰዎቹ ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ፣ ምስጋና ሲጠበቅ ክስ መጣ። ማቲው ኬሪ የተባለ አሳታሚ ስለ ወረርሽኙ በጻፈውና በጥቂት ወራት ውስጥ አራት ጊዜ በታተመው መጽሐፍ፣ አለንንና ጆንስን በስም አመስግኖ፣ ከጥቁር አስታማሚዎች መካከል ግን ለአገልግሎታቸው ከልክ ያለፈ ዋጋ የጠየቁና የበሽተኞችን ቤት የዘረፉ ነበሩ ሲል ከሰሰ። ኬሪ ራሱ ከወረርሽኙ ጊዜ የተወሰነውን ከከተማይቱ ውጭ ነበር ያሳለፈው።

አለንና ጆንስ በ1794 መልሳቸውን በአነስተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የደራሲ መብቱ ለጥቁር ጸሐፊዎች የተመዘገበ የመጀመሪያው ሥራ እንደሆነ ይነገርለታል። የመጽሐፉ ጉልበት በሒሳቡ ላይ ነው። ሬሳና ፍራሽ ለመቅበር የተቀበሉት ገንዘብ ጠቅላላ 233 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ነበር። ለሬሳ ሣጥን 33 ፓውንድ ከፈሉ። አምስት ሠራተኞች ቀጥረው ሦስቱ 70 ቀን፣ ሁለቱ 63 ቀን ሠሩ፤ ይህም 336 የሥራ ቀን ሲሆን፣ በቀን በ22 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ሲታሰብ 378 ፓውንድ ይመጣል። ወጪው በድምሩ 411 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ከኪሳቸው የጎደለው 177 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነበር። ይከፈለናል ብለው እምብዛም ተስፋ የማያደርጉት 110 ፓውንድም በሰዎች እጅ ቀርቶባቸዋል። ለራሳቸው ድካም የመዘገቡት አንዳች ዋጋ የለም።

ዋጋው የናረበትንም ምክንያት አስረዱ። ከንቲባው ጠርቷቸው አስታማሚዎቹ ዋጋ እንዲቀንሱ እንዲያደርጉ በጠየቃቸው ጊዜ፣ ዋጋውን የሚያንሩት እርስ በርስ እየተሻሙ አስታማሚ የሚነጣጠቁት ቤተሰቦች መሆናቸውን ነገሩት፤ እሱም ተቀበላቸው። አንዲት ነጭ ሴት አንድ ሬሳ በሣጥን ለመክተት 6 ፓውንድ እንደተቀበለች፣ አራት ነጮችም ያንኑ ሬሳ ከፎቅ ለማውረድ 40 ዶላር እንደተከፈላቸው ጻፉ። በአንጻሩ ሴዛር ክራንቻል የተባለ ጥቁር ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ማስታመሙን፣ ሣራ ባስ የተባለች ድኃ ጥቁር ሴትም ያለ ዋጋ ማገልገሏን መዘገቡ። ጥቂት ነጮች ሲያጠፉ ጥፋቱ የራሳቸው ብቻ ይሆናል፤ ጥቂት ጥቁሮች ሲያጠፉ ግን የወገናቸው ሁሉ ጠባይ ሆኖ ይጻፋል። አለንና ጆንስ የተከራከሩት ይህን ሚዛን ነው። ከንቲባው ክላርክሰንም መልካም ሥራቸውን በጽሑፍ መሰከረላቸው።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ለባሪያ አሳዳሪዎች የተጻፈ ክፍል አለ። ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ያነሱ ናቸው የሚል ሁሉ ጥቂት ጥቁር ሕፃናትን ወስዶ ለገዛ ልጆቹ በሚያደርገው ጥንቃቄና ትምህርት ያሳድጋቸውና ውጤቱን ይይ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ንድፈ ሐሳብ በሙከራ ይፈተን ማለታቸው ነበር፤ ፈተናውን የተቀበለ ግን ጥቂት ነው።

ከተማይቱ ከወረርሽኙ የተማረችው ነገር አልጠፋም። ቢጫ ወባው በ1797ና በ1798 በተመለሰ ጊዜ ጉድጓዶቹ ተነቀፉ፤ መሐንዲሱ ቤንጃሚን ላትሮብ የነደፈው፣ ከስኩልኪል ወንዝ በእንፋሎት ሞተር ውሃ የሚስብ መሥመርም በ1801 ሥራ ጀመረ። መነሻው የመጥፎ አየርና ውሃ ንድፈ ሐሳብ ቢሆንም ለከተማይቱ ንጹሕ ውሃ አስገኘላት። ለውሃው መፍትሔ የፈለገችው ከተማ ግን የሰዎቿን አከፋፈል እንደነበረ ተወችው።

አለን ፍትሕን ሌላው እስኪሰጠው አልጠበቀም። አንድ የአንጥረኛ ቤት በፈረስ አስጎትቶ በገዛው መሬት ላይ አሳረፈና ቤተ ክርስቲያን አደረገው፤ ቤቴል የተባለው ይህ ቤት በጁላይ 29 ቀን 1794 ተመረቀ። ለብዙ ዓመታት ሕንፃውንና መድረኩን ሊቆጣጠሩ ከሚሹ ነጭ አለቆች ጋር ተሟግቶ በ1816 በፍርድ ቤት ረታ፤ በዚያው ዓመትም የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ተመሥርታ የመጀመሪያ ጳጳሷ ሆነ። በ1830 ከየግዛቱ የመጡ ነፃ ጥቁሮች በቤቴል ባደረጉት ጉባኤ በሊቀ መንበርነት ተመረጠ። በማርች 26 ቀን 1831 በ71 ዓመቱ ዐረፈ፤ ዐፅሙም በቤቴል ይገኛል።

አለን ከሞተ ከ60 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ደብልዩ ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ በዚሁ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ መረጃ ሰበሰበ። በ1899 ባሳተመው ጥናት የጥቁሮች የሞት መጠን ከነጮች እንደሚበልጥ አሳይቶ፣ ምክንያቱን በዋናነት በመኖሪያ ቤታቸውና በኑሯቸው ሁኔታ አገኘው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜም በአሜሪካ ጥቁሮች ከድርሻቸው በላይ ሞቱ፤ በፊላዴልፊያ ጥቁር ሐኪሞች ተደራጅተው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሕዝቡ ምርመራ አደረጉ። ወረርሽኞቹ የተለያዩ ናቸው፤ የተገለጠው ስንጥቅ ግን አንድ ነው።

ከ1793 ብዙ ጽሑፍ ተርፏል። የሐኪሞቹ ክርክር ዛሬ የታሪክ ማስታወሻ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የአለንና የጆንስ ሒሳብ ግን እስከ ፔንሱ ድረስ ሊደመርና ሊመረመር ይችላል። ድምሩ ትክክል ነው፤ ጎደሎውም 177 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነው።