ሐጅ ጀውሃር፦ የሾንኬው ሊቅ

በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ የድንጋይ ቤቶቿ በኮረብታ አናት የተደራረቡት ሾንኬ የሐጅ ጀውሃር ቢን ሐይደር አገር ናት። ሱፊው ሊቅ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ገደማ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎን ሙስሊም በሃይማኖቱ ፈተነው።

በወሎ የወዳጃ ጸሎት ጫት ከቡና ጋር ይቀርባል፤ ለሌሊቱ ዱዓ ንቃት ይፈለጋልና። ንቃቱ የሚገኘው ካቲኖን ከተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍን ያርቃል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚከዳው ቃሚ ትኩሱን ይሻል። ሲበዛ ግን የሌለ ድምፅ እስከማሰማት ያደርሳል። በወዳጃው ቃሚው ብቻውን አይደለም፤ ዱዓውን የሚመራ ሽማግሌ አለ። ዛሬ በየጥጉ ለብቻው የሚቅም ወጣት ይህ ልጓም የለውም።

ሐጅ ጀውሃር በ1937፣ አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች፣ መቶ ዓመት ገደማ ኖረው አረፉ።